ከመድረክ ወደ ስክሪን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ከቴአትር ስለተሠሩ ፊልሞች የምትጠይቁት ካለ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። ከደረሱኝ ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ፤ ረጃጅሞቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«እትዬ፣ ሐዋሳ የቴአትር ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ‹ጥሩ ቴአትር ፊልም ሲሆን ይበላሻል› ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ግን ምሳሌ ጥቀስ ስባል አፌ ይያዛል። እርስዎ የሚወዱት የትኛውን ነው?» መ.፣ ከሐዋሳ

ጓደኞችህን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልላቸውም። ካሜራ መድረክ ፊት ገትረው የቀረጹት ቴአትር ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያመጣል። ቴአትር የሚቆመው በንግግር ነው። ተዋናዩ «ሌሊቱ ጨለመ» ካለ ጨልሟል፤ አዳራሹ ያምነዋል። ካሜራ ግን ጨለማውን ራሱን ማሳየት ይችላል። ያኔ ንግግሩ ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከተውኔቱ ላይ ቃል ሲነሳ በቦታው ምን ገባ? ምንም ካልገባ ክርክሩን ጓደኞችህ አሸንፈዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ወደ መጻፍ ከመምጣቴ በፊት የመድረክ መብራት ሠራተኛ ነበርኩ። ዓይኔ ከተዋናዩ በፊት አምፖሉን ያያል። ምርጫዬ ወደዚያ ቢያጋድል አትፍረድብኝ።

አንደኛዬ ሴኔጋላዊው ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ በ1992 የሠራው «ጅቦች» ነው። ጅብን ለሚያውቅ አገር ርዕሱ ማብራሪያ አይፈልግም። መነሻው የስዊዘርላንዱ ፍሪድሪሽ ዱረንማት በ1956 ለመድረክ ያበቃው «የአሮጊቷ ወይዘሮ ጉብኝት» ነው። አንዲት ልጅ ከምትወደው ሰው ታረግዛለች። ሰውየው ይክዳታል። ሁለት ሰዎችን በጉቦ ገዝቶ «እኛም አብረናት ተኝተናል» ብለው እንዲመሰክሩ ያደርጋል። ልጅቷ አገር ለቃ ትሄዳለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ሀብቷ ተቆጥሮ የማያልቅ ሴት ሆና ትመለሳለች። የትውልድ ከተማዋ ደግሞ ድህነት አድቅቋታል። «ገንዘቡን እሰጣችኋለሁ፤ እሱን ግደሉልኝ» ትላለች።

ማምቤቲ ይህን የአውሮፓ ታሪክ ነቅሎ እሱ ራሱ በተወለደባት ኮሎባን ተከለው። ቋንቋው ወሎፍ ነው። ሰውየው ድራማን ድራሜ ይባላል፤ የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ ሁሉም ይወደዋል። ሴትየዋ ሊንጌር ራማቱ ናት። የከተማው ሰው መጀመሪያ «ይህማ አይደረግም!» ይላል። ከዚያ ድራማን ሱቅ ይጎርፋል። በዱቤ ነው ታዲያ። ትናንት ርካሹን ይጠይቅ የነበረው ሁሉ ዛሬ ውዱን ከመደርደሪያ ያስወርዳል። ድራማን ያወርዳል፣ ይመዘግባል። በኋላ ዓይኑ እግራቸው ላይ ያርፋል። አዲስ ቢጫ ጫማ። ያኛውም ቢጫ ጫማ። በምን ሊከፍሉት ነው? «ልንገድልህ ነው» ያለው ማንም የለም። እሱ ግን ገብቶታል፤ አንተም ወንበርህ ላይ ይገባሃል።

አሟሟቱንም ልንገርህ፤ ፊልሙን አያበላሽብህም። ሰዎቹ ይከቡታል። ክበቡ ይጠብና መልሶ ይከፈታል። መሬት ላይ ልብሱ ብቻ ቀርቷል። መድረክ ላይ ሰው ሲሞት መብራት የማጠፋው እኔ ነበርኩ፤ ስንቱን ገድያለሁ! እንዲህ ያለ አሟሟት ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ሁለተኛው የአኪራ ኩሮሳዋ «የደም ዙፋን» ነው፤ 1957። ታሪኩ የማክቤዝ ነው፤ ግን ከሼክስፒር ግጥም አንዲት ስንኝ አታገኝበትም። ስኮትላንድ ቀርታ ጃፓን ሆናለች። ማክቤዝን ቶሺሮ ሚፉኔ፣ ሚስቱን ኢሱዙ ያማዳ ይጫወታሉ። አንዲት ትዕይንት አለች፤ ደጋግመህ እያት። ሚስቲቱ ባሏ የሚገድለውን ጌታ ጠባቂዎች የምታደነዝዝበትን መጠጥ ልታመጣ ትነሳለች። በበሩ ወደ ጨለማው ትገባለች። ትጠፋለች። ክፍሉ ባዶውን ይቀራል። የሚሰማው የሐር ልብሷ ወለሉን ሲጠርግ ብቻ ነው። ከዚያ ማሰሮውን ይዛ ከዚያው ጨለማ ትወጣለች። ፊቷ ንቅንቅ አይልም። ኩሮሳዋ ይህን ከጃፓኖቹ የኖ ቴአትር ወስዶታል፤ እዚያ ተዋናዮች ጭምብል ያጠልቃሉ። በተውኔቱ ሌዲ ማክቤዝ ርኩሳን መናፍስትን እየጠራች ረጅም ንግግር ታደርጋለች። እዚህ የጨርቅ ኮሽታ በቃ። መጨረሻ ላይ ሚፉኔ ላይ ከሚዘንቡት ፍላጻዎች ደግሞ ብዙዎቹ እውነተኛ ነበሩ፤ የሚተኩሱትም ቀስተኞች ናቸው። ፊቱ ላይ የምታየው ድንጋጤ ሁሉ ትወና እንዳይመስልህ።

ኩሮሳዋ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊርንም በ1985 «ራን» ብሎ ሠርቶታል፤ ሦስቱን ሴቶች ልጆች ወንዶች አድርጎ። ግንቡ ሲቃጠል የጦርነቱን ድምፅ በሙሉ ያጠፋዋል። ሙዚቃ ብቻ ይቀራል። ከዚያ አንዲት የጠመንጃ ተኩስ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ቦታ የለኝም።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው፤ ኤልያ ካዛን በ1951 የሠራው «ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር»። ተውኔቱ የቴነሲ ዊሊያምስ ነው፤ በኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ በ1947 ያዘጋጀውም ካዛን ራሱ ነበር። ለፊልሙ መጀመሪያ ታሪኩን ከቤት ሊያወጣው አስቦ ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ወደዚያችው ጠባብ ቤት ተመለሰ። ግድግዳዎቹ የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። ቀረጻው እየገፋ ሲሄድ ክፍሉን እያጠበቡት ሄዱ። ካልነገሩህ አታስተውለውም፤ ደረትህ ላይ ግን ይታወቅሃል።

ብላንሽ እህቷ ስቴላና ባሏ ስታንሊ ቤት ስትመጣ እርቃኑን የተንጠለጠለውን አምፖል አትወደውም። የወረቀት ፋኖስ ታለብሰዋለች። ዕድሜዋን ትደብቃለች፤ ያለፈ ታሪኳንም ትደብቃለች። ከእሷ ጋር የሚወጣውም ሰውዬ የሚያገኛት ሁልጊዜ ማታ ነው። አንድ ቀን ያችን ወረቀት ቀዶ አምፖሉ ሥር ጎትቶ ያቆማታል። ብላንሽን የምትጫወተው ቪቪያን ሊ ያኔ ፊቷን ለመሸፈን የምታደርገውን እይ። እዚያ ቦታ ላይ የቴአትሩ መብራትና የፊልሙ መብራት አንድ ናቸው፤ ካዛን ምንም አልጨመረበትም። አያስፈልግምም ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ ግን ከቴአትሩ ይለያል። ያኔ ሆሊውድ ውስጥ የሥነ ምግባር ሳንሱር ነበር። ብላንሽን የሚደፍራት ስታንሊ ነው፤ የደፈረ ሰው ደግሞ ሳይቀጣ እንዲቀር አልተፈቀደም። ስለዚህ ስቴላ ልጇን ታቅፋ «ሁለተኛ አልመለስም» ትላለች። በተውኔቱ ከስታንሊ ጋር ትቀራለች። የሚያመው ያ ነው፤ ሳንሱሩ አለሰለሰው። ከአራቱ ዋና ተዋናዮች ሦስቱ ኦስካር ወሰዱ፤ ያልወሰደው ስታንሊን የተጫወተው፣ ዛሬ ሁሉም የሚያነሳው ማርሎን ብራንዶ ነው።

«እህቴ፣ በወጣትነቴ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ኦቴሎ መድረክ ላይ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ስንኞቹ ጆሮዬ ላይ አሉ። ልጄ ፊልሙን ላሳይህ ይለኛል። የትኛውን ልይ? ፊቱን ጥላሸት የተቀባ ፈረንጅ ግን ባላይ ደስ ይለኛል።» ጡረተኛ፣ ከድሬዳዋ

ጋሼ፣ ፍላጎትዎ ይገባኛል። ኦቴሎን ለማጥቆር ቀለም መቀባት የእኛ መድረክ ጣጣ ሆኖ አያውቅም። እንግዲያው የሎረንስ ኦሊቪየን የ1965ቱን ይለፉት። ድንቅ ተዋናይ ነው፤ ግን ከአናቱ እስከ እግሩ ተቀብቶ ነው የሚጫወተው። የኦሊቨር ፓርከርን የ1995ቱን ያስከፍቱት። ኦቴሎን ሎረንስ ፊሽበርን፣ ተንኮለኛውን ኢያጎን ኬኔት ብራና ይጫወቱታል። ስንኙን በጣም ቆራርጠውታል፤ እርስዎ ጆሮዎ ላይ ካለው ጋር ሲያነጻጽሩት ይጎድልብዎታል። ቢሆንም ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያምራሉ።

ኦርሰን ዌልስም ተቀብቷል፤ ስለሱ ግን አንድ ወሬ ሳልነግርዎ ባልፍ ይቆጨኛል። ዌልስ ፊልሙን የጀመረው ሞሮኮ ውስጥ ያኔ ሞጋዶር ትባል በነበረች የባሕር ዳር ከተማ ነው። ገንዘብ አለቀ። አልባሳቱ አልደረሱም። ተዋናዮቹ መጥተዋል፤ የሚለብሱት የለም። ምን ያድርግ? የሮድሪጎን ግድያ እንፋሎት ቤት ውስጥ አደረገው። እንፋሎት ቤት ደግሞ ፎጣ ይበቃል! ሰው በፎጣ፣ በጭስ መሃል፣ በወለሉ ርብራብ ሥር በሰይፍ ሲወጋ የሚታይበት ትዕይንት የተገኘው በልብስ እጦት ነው። ዌልስ ሌላ ሰው ፊልም ላይ እየተወነ ገንዘብ ሲያገኝ እየተመለሰ፣ ሲያልቅበት እያቋረጠ በዓመታት ጨረሰው። በ1952 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ተጋርቶ ወሰደ።

የህንድ ፊልም ወዳጅ ከሆኑ ደግሞ (የድሬዳዋ ሰው ካልሆነ ማን ይሆናል?) የቪሻል ባርድዋጅን «ኦምካራ» ይዩ፤ 2006። ታሪኩ ሰሜን ህንድ ውስጥ ባሉ የፖለቲካ ጉልቤዎች መሃል ሆኗል። ያቺ ሁሉን ያፈረሰችው መሐረብ እዚህ የወርቅ የወገብ ጌጥ ናት። ኢያጎን የሚያነክስ አድርጎ ሰይፍ አሊ ኻን ይጫወተዋል። መልከ መልካሙን ሰውዬ አያውቁትም፤ ጥርሱ ሁሉ ተበላሽቶ ነው የሚመጣው። ከሦስቱ እኔ የምመርጥልዎ ይሄንን ነው።

«ልጆቼ 13 እና 15 ናቸው። ትምህርት ቤት ሮሚዮና ጁልየት ታዟል፤ አንድ ገጽ ሳያነቡ ያዛጋሉ። ፊልም ልጀምርላቸው?» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጀምሪላቸው እንጂ። ሁለት አሉ። የፍራንኮ ዜፊሬሊ የ1968ቱ ጣሊያን ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ተዋናዮቹ በእውነት ልጆች ናቸው። አንዲት አጭር የመኝታ ቤት ትዕይንት አለችበት፤ አስቀድመሽ አንቺ እያት። ሁለተኛው የባዝ ሉርማን የ1996ቱ፣ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ያለበት ነው። የእኔ ግምት ልጆችሽ ይሄንን ይወዱታል። መኪና፣ ሽጉጥ፣ የቴሌቪዥን ዜና አለ፤ ንግግሩ ግን ሼክስፒር እንደጻፈው ነው። ሉርማን አንድ ተንኮል ሠርቷል። ተዋናዩ «ሰይፍህን!» ሲል ካሜራው ሽጉጡን ያሳያል፤ ሽጉጡ ላይ የተጻፈው ማርካ «ሰይፍ» ይላል። የ15 ዓመቱ ልጅ እዚያ ጋ ካልሳቀ ጻፊልኝ።

ከዚያ አንድ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፊና የከበደ ሚካኤልን «ሮሜዎና ዡልየት» አውጥተሽ ሁለት ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ሁሉንም ባይረዱትም ቤት መምታቱን ይሰሙታል።

«‹ፌንስስ›ን አየሁት። ዴንዘል ዋሽንግተንን እወደዋለሁ፤ ግን ሁለት ሰዓት ከጓሮ አልወጡም! ይህ ፊልም ነው ወይስ ቴአትር?» ት.፣ ከአዳማ

ብዙ ሰው እንደ አንቺ አማርሯል። ተውኔቱ የኦገስት ዊልሰን ነው፤ የፊልሙንም ጽሑፍ በ2005 ከመሞቱ በፊት ራሱ ሠርቶት ነበር። ዴንዘልና ቫዮላ ዴቪስ በ2010 ብሮድዌይ ላይ ሲጫወቱት ቆይተው ነው በ2016 ካሜራ ፊት የቀረቡት። ስለዚህ የቴአትር ሽታው አልለቀቃቸውም፤ ዴንዘል አንዳንዴ ሦስተኛ ፎቅ ላለ ተመልካች ነው የሚናገረው።

ግን ከጓሮው አለመውጣታቸውን አልቃወምም። ዴንዘል የሚጫወተው ትሮይ ጥሩ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ትልልቆቹ ሊጎች ለጥቁር በራቸውን ሲከፍቱ ዕድሜው አልፏል። አሁን ቆሻሻ ጫኝ ነው። ጓሮው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለች ኳስ አለች፤ ሲናደድ በዱላ ይመታታል። ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ ካሜራው የት ይሂድልሽ? ይልቅ ሚስቱን የምትጫወተው ቫዮላ «እኔም አብሬህ ቆሜያለሁ» የምትልበትን ቦታ ፈልጊና እንደገና እይው። እንባዋ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ጋር እየወረደ አትጠርገውም። መድረክ ላይ ያን የሚያየው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው።

«ካዛብላንካ ከቴአትር የተወሰደ ነው የሚሉት እውነት ነው? ውርርድ አለብኝ።» ከባሕር ዳር

እውነት ነው። ሙሬይ በርኔትና ጆአን አሊሰን የጻፉት «ሁሉም ሪክ ቤት ይመጣል» የሚል ተውኔት ነበር። መድረክ ሳይወጣ ዋርነር ብራዘርስ በ20,000 ዶላር ገዛው። ፊልሙ በ1942 ወጣ። ስለዚህ ውርርዱ «ከተውኔት ነው» ከሆነ በልተሃል፤ «መድረክ ላይ ከታየ በኋላ ነው የተቀረጸው» ብለህ ከሆነ ክፈል።