መጀመሪያ እናቱን ጠይቋት

ውድ ልጆቼ፣ ዘንድሮ ከኮሌጅ ወጥታችሁ የልዩ ፍላጎት ክፍል ለምትረከቡ መምህራን ነው የምጽፈው። እኔ በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷል። ከወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ልጃቸውን አዝለው ክፍሌ በር ላይ የቆሙ እናቶች ናቸው።

አንድ የስምንት ዓመት ተማሪ ነበረኝ፤ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ያለበት። አይናገርም፣ አንገቱ አይጸናም፣ እጁም አይታዘዝለትም። ፊደል አሳየዋለሁ፣ ዝም። ሦስት ሳምንት ሞከርኩና መዝገቤ ላይ «ትምህርት አይቀበልም» ብዬ ጻፍኩ። እናቱ በየጠዋቱ በር ላይ አስረክባኝ ትሄዳለች። አንድም ቀን «ግቢ፣ አረፍ በይ» ብያት አላውቅም።

አንድ ጠዋት ዝናብ ያዛትና ክፍል ውስጥ ተጠለለች። ስጠይቀው አየችኝ። «ቲቸር፣ ቶሎ አለፉት እኮ» አለችኝ። «ዓይኑን ይዩት። አዎ ሲል ወደ ጣራው ነው የሚያየው።»

እንደገና «ይቺ በ ናት?» አልኩትና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አስር ልደርስ ስል ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ጣራው ወጣ። ያን ዕለት ሃያ ያህል ፊደል ለየልኝ። ታላቅ እህቱ ማታ ማታ ስታጠና እያየ ነው የተማረው። መዝገቡን ሰረዝኩት፤ እናቱንም ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው አንጎል ገና እያደገ ሳለ ሲጎዳ ነው። በእርግዝና፣ በምጥ ሰዓት ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ ያለ ቀኑ ሲወለድ፣ ከተወለደም በኋላ ከባድ ቢጫ በሽታ ወይም ማጅራት ገትር ሲይዘው ሊደርስ ይችላል። ጉዳቱ እንቅስቃሴን በሚያዘው ክፍል ላይ ስለሆነ እጅም ምላስም እንቢ ይላሉ። አንዳንዱ ልጅ ለመረዳትም ይቸገራል። ሌላው ግን ሁሉ ገብቶት የሚያወጣበት መንገድ ነው ያጣው። የትኛው እንደሆነ ፊቱን አይታችሁ አትወስኑ።

እናትየዋ «ጥፋቴ ይሆን?» ትላችኋለች። እርግማን ነው ስትባል የኖረች ናት። አይደለም ብላችሁ ደጋግማችሁ ንገሯት። ጠበል ብትወስደው አትገላምጧት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለው ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ አደራ በሏት።

አባቶችን ለመዋጮ ብቻ አትጥሩ። አንድ አናጺ አባት ክፍል ገብቶ ሴት ልጁ ለመጻፍ ስትሞክር እንዲያይ አደረግኩ። የልጅቷ እግር ከወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰውነቷ ስለሚንሸራተት እጇ የሚይዘው ጠረጴዛውን ነው። ምንም አላለኝም። በማግስቱ የእግር መርገጫ ያለው፣ ጎንና ጎኑ የተደገፈ ወንበር ይዞ መጣ። እግሯ ሲረግጥ፣ ዳሌዋ ሲጸና፣ እጇ ከጠረጴዛው ተላቀቀ። እርሳስ ያዘች። አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። «የወላጅ ተሳትፎ» እያሉ እናትን ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሽንት ቤት እንድታደርስ። ይሄ ተሳትፎ አይደለም። እሷ ጉሊት ካልዋለች ማታ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም፤ በሦስተኛው ወር ልጁን ታስቀረዋለች። ረዳት እንዲመደብ፣ ሽንት ቤቱ መያዣ ብረት እንዲገጠምለት ርዕሰ መምህሩን እናንተ ጨቅጭቁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ልጁ የተቀመጠው በመብቱ ነው፤ «ተባብረንሽ ነው» እንዳትሏት።

ደብተር ላይ መልእክት መጻፍም ጥሩ ነው ይባላል። ማንበብ የማትችል እናት ግን ያንን ይዛ ጎረቤት ልትለምን ነው። በስልክ የድምፅ መልእክት ላኩላት።

መስከረም ላይ ልጇን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ወንበር ሳቡላት። «አዎ» የሚለው በምንድን ነው? እንዴት አድርገሽ ነው የምታጎርሺው? ሲያመው በምን ታውቂያለሽ? ምን ያስቀዋል? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። የዚያ ልጅ እናት ዘግይቼ ስጠይቃት «አህያ ስታናፋ» አለችኝ። ከቀሩት ፊደላት «አ»ን አስቀድመን ጀመርን፤ ሰሌዳው ላይ አህያ ሣልኩለት፣ ድምፁን እናቱ አወጣችለት።