«እምነትሽ ቢጸና» ለተባለች እኅት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ካንሰር ከያዘኝ ወዲህ ድባቴው አልለቀኝም። ሐኪሜ ፕሲሎሳይቢን ስለሚባል መድኃኒት ጥናት ነገረችኝ፤ ከሌሎች ታማሚዎች ጋር በቡድን ነው። አክስቴ ግን «እምነትሽ ቢጸና አያስፈልግሽም፤ ደግሞ መንፈስ ይጠራል» አለችኝ። ልግባ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ይህን «እምነትሽ ቢጸና» የሚል ቃል ስንቱ ታማሚ እያለቀሰ ነግሮኛል! ኩላሊቱን ያመመውን ሐኪም ቤት እንወስዳለን፤ ልቡ የተሰበረውን ግን እንገሥጻለን። ኤልያስ በጸሎቱ እሳት ያወረደ ነቢይ ነው። እሱም ክትክታ ሥር ወድቆ «ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገ. 19፥4)። መልአኩ ተቆጣው? የለም። እንጎቻና ውኃ ራስጌው አኖረለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ስለ እምነቱ አንድም ወቀሳ አልተናገረውም። አንቺንም ስላዘንሽ ማንም አይክሰስሽ።

ፕሲሎሳይቢን ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚገኝ፣ ለሰዓታት ራእይ መሰል ነገር የሚያሳይ ነው። እዚያው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ከተማ በተደረገ ጥናት 30 የካንሰር ታማሚዎች በሦስት በአራት እየሆኑ 25 ሚሊ ግራም አንዴ ወሰዱ፤ ለእያንዳንዳቸው ቴራፒስት ነበራቸው። ከ8 ሳምንት በኋላ ግማሾቹ ከድባቴው ወጥተዋል። ደስ ይላል፤ ግን መድኃኒቱን ሳይወስድ የሚነጻጸር ሌላ ቡድን ያልነበረው ትንሽ ጥናት ነው። «እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ» ይላል ሲራክ (38፥4)። ስለዚህ በሐኪም ክትትል ብትገቢ አልከለክልሽም። ከሰው እጅ ገዝተሽ ቤት መዋጥ ግን አይሆንም፤ በፌዴራል ሕግም ክልክል ነው። ከቤተሰብሽ አእምሮውን የታመመ ካለ ከሐኪሞቹ አትደብቂ። የድባቴ ክኒን ከጀመርሽም በራስሽ አታቁሚ።

መንፈስ ይጠራል ለተባለው፣ መድኃኒት መንፈስ አይጠራም። ድግምት ወይም የባዕድ አምልኮ የቀላቀለ ቦታ ከሆነ ግን ተነሥተሽ ውጪ።

አጥብቄ የምነግርሽ ሌላ ነው። ከወሰዱት ብዙዎች «እግዚአብሔርን አየሁ» ይላሉ። ንዳድ የያዘው ሰው በቅዠቱ መላእክት ቢያይ ባሕታዊ አንለውም። «መንፈስን ሁሉ አትመኑ» ተብለናል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)። ያየሽውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ እንጂ ትምህርት አታድርጊው፤ ለሰውም አትስበኪው። በቡድኑ ውስጥ ሕመምሽንና ፍርሃትሽን አውሪ፣ አልቅሺም። ኃጢአትሽን ግን ለንስሐ አባትሽ አቆዪው። ቀኑ ሲቆረጥም ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በጸሎት ያስቡሻል።