«ሲስተር፣ ስሟን ስንቴ ትጠይቂኛለሽ?»

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚሁ ሐዋሳ ልጅ አስተኝተው ከሚያስታምሙ ወላጆች ናቸው። የተወሰኑትን ልመልስ።

ልጄ በሳንባ ምች ተኝታለች። ነርሷ መድኃኒት በሰጠቻት ቁጥር ስሟን ትጠይቀኛለች። ትናንት የተመዘነችውን ዛሬም መዘኗት። ረስተውን ነው?

አልረሷችሁም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሜሮን አይጠፋም። ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት ቢያንስ ሁለት መለያ ይመሳከራል፤ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ ለምሳሌ። የአልጋ ቁጥር አይበቃም፤ አልጋ ይቀያየራል።

ሚዛኑ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 12 ኪሎ የሆነች ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ትወስዳለች። 12 ተገልብጦ 21 ተብሎ ከተጻፈ ግን ከ210 እስከ 315 ሊደርስ ነው። ጄንታማይሲን በሚባለው አንቲባዮቲክ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ኩላሊትና ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። እኔ ብሆን ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ፣ ካርዱ ላይ ምን ተጻፈ ብዬ እጠይቃለሁ። ደህና ነርስ በዚህ አትቀየምም።

ግሉኮስ የገባበት እጁ ያበጠ መሰለኝ። ሌሊት ስለሆነ ተረኛዋን ማስቸገር ከበደኝ።

ያስቸግሯት! ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋው ውስጥ እየገባ ይሆናል። ብርድ ልብሱን ገልጠው ሁለቱን እጆች በስልክ መብራት ያወዳድሩ። አንደኛው ከተወጠረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከቀላ ወይም ሲነካ ልጁ ካለቀሰ እስኪነጋ አይጠብቁ። የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ ግን ራስዎ አይነካኩ፤ ጠብታው ቀርፋፋ ቢመስልዎትም።

ከይርጋለም ድረስ ጠያቂ እየመጣ ሕፃኑን ይስመዋል። እንዴት ልከልክል?

«ሲስተሯ ከልክላለች» ይበሉ። ነርሶች ይህን ስም መሸከም ለምደዋል። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። የገባውም እጁን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠብ፤ ወይም በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሽ። እጅዋን ሳታጸዳ ልጅዎን ልትነካ የመጣች ባለሙያ ካለችም፣ በትሕትና ያስታውሷት።

ከቤት ያመጣሁትን ሽሮፕ ብሰጠው ችግር አለው?

አለው። ነርሷ የሰጠችው መድኃኒት ራሱ በሌላ የንግድ ስም ሊሆን ይችላል፤ ልጁ እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። አሳይተው ይጠይቁ። የዳማከሴ ጭማቂም ቢሆን ሳይነግሯት አይስጡ።

የአልጋው ጎን ብረት ከፍ ሲል ልጄ ታለቅሳለች። ዝቅ ላድርገው?

ታልቅስ። ሽንት ቤት ደርሰው እስኪመለሱ እንኳ ብረቱ ከፍ ይበል።