ጠጠሩ ወጣልኝ፣ ቱቦው ግን ውስጤ ቀረ

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ኖት? ከአዳማ ነኝ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። የሽንት ቧንቧዬ ውስጥ 9 ሚሊሜትር ጠጠር ተገኝቶ አዲስ አበባ ሆዴ ሳይቀደድ በሽንት በኩል ገብተው በሌዘር ሰባብረው አወጡልኝ፣ ተመስገን ህመሙ ጠፋ። ግን ስቴንት የሚሉት ቱቦ አስገብተውልኝ ነበር፣ ስራ በዝቶብኝ የማስወጫው ቀጠሮ አለፈኝ። አሁን ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል፣ ስሸና ጎኔን ይወጋኛል፣ ብዙ የነዳሁ ቀን ደግሞ ሽንቴ ቀላ ይላል። ጓደኞቼ ቢራ ጠጣ ያጥበዋል ይሉኛል። እዛው ቢቀመጥስ ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ ችግር አለው፣ በዚህ ሳምንት ይውጣልህ። ስቴንቱ የገባው ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቧንቧ ከሌዘሩ በኋላ አብጦ እንዳይዘጋ ነው፣ አንዱ ጫፉ ኩላሊትህ ውስጥ አንዱ ፊኛህ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የታችኛው ጫፍ ፊኛውን ስለሚነካካው ነው ሽንት ሽንት የሚልህ፣ ስትሸና ደግሞ ሽንቱ በቱቦው ወደላይ ይመለስና ጎንህን ይወጋሃል፣ መኪና ላይ ስትንገጫገጭ የሚመጣው ደምም ብዙ ጊዜ ከሱ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፣ ጠጠሩን የሰራው ጨው ስቴንቱም ላይ ይጋገራል፣ በተለይ እንዳንተ ጠጠር የሚሰራ ሰው ላይ ቶሎ ነው የሚጋገረው፣ ከዛ ሲጎትቱት እምቢ ይላል ወይ ይበጠሳል፣ እንደገና ሌዘር እንደገና ማደንዘዣ፣ አንዳንዱ ሰው እኮ ምንም ሳያመው ኩላሊቱን ያጣል! ህመም ጠፋ ማለት ህክምናው አለቀ ማለት አይደለም፣ እባካችሁ ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

ማውጣቱ ቀላል ነው፣ ካልተጋገረበት በማደንዘዣ ጄል ቀጭን ካሜራ በሽንት በኩል አስገብተው በደቂቃዎች ይስቡታል፣ የዛኑ ቀን ቤትህ ትገባለህ። አዲስ አበባ መመለስ ከከበደህ የተሰራልህን ወረቀት ይዘህ እዛው አዳማ የዩሮሎጂ (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ) ሀኪም ያለበት ሆስፒታል ጠይቅ። ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ካለህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ አዋሽም ሁን ሚሌ መኪናህን አቁመህ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በሌሊትም ቢሆን ግባ፣ የተዘጋ ኩላሊት ላይ ኢንፌክሽን ከገባ ሰው ይገድላል።

ቢራውን ተወው፣ የተጋገረ ነገር አያጥብም፣ አንተ ደግሞ መሪ የምትይዝ ሰው ነህ። ውሃ ነው የሚያዋጣህ፣ ላለመቆም ብላችሁ ሳትጠጡ የምትነዱትን ነገር አቁሙ፣ በቀን ከ2 እስከ 2 ሊትር ተኩል ሽንት እንዲወጣህ ጠጣ፣ በአፋር ሙቀት ላብ ስለሚወስደው ከዛም በላይ ያስፈልግሃል፣ ጨውም ቀንስ። ስቴንቱ ከወጣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባያምህም አልትራሳውንድ ተነሳ፣ ቧንቧው ጠቦ ከሆነ በጊዜ ይታያል።