«እጅ ከፍንጅ» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን የመብራት ገመድ ተሰርቆ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጎረቤት ቤት ተገኘ። ኮሚቴው የለጠፈው ማስታወቂያ «ግለሰቡ እጅ ከፍንጅ ተይዟል» ይላል። ልጄ ደግሞ እንግሊዞች «ሬድ ሃንድድ» የሚሉት ይህንኑ ነው ትላለች። አባባሉ ቦታው ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፤ ኮሚቴው ግን ተሳስቷል።

እጅ ከፍንጅ ተያዘ የሚባለው ሰውየው ሲሰርቅ፣ ሊሰርቅ ሲሞክር ወይም ሰርቆ ገና ዞር ሳይል ሲደረስበት ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 19 የፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ይኸው አንቀጽ ደግሞ ሮጦ ሲያመልጥ «ሌባ! ሌባ!» እየተባለ የተባረረውን ይጨምራል። ገመዱን ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ጥበቃው አንቆ ቢይዘው፣ ወይም አጥር ዘሎ ሰፈርተኛው አስፋልት ላይ ቢደርስበት ኖሮ ማስታወቂያው ነቀፋ አይወጣለትም ነበር። ሦስት ቀን ያደረ ገመድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውየው ከቆራሌ ገዝቶት ቢሆንስ?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። በዚያው ሕግ አንቀጽ 50 ቅጣቱ ከ3 ወር ቀላል እስራት በማያንስ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ያለ ማዘዣ ሊይዘው ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ሲል፣ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተያዘውን ለይቶ ያወጣዋል። በሁለቱ ቃላት ላይ ይህን ያህል ነገር ተንጠልጥሏል።

የእንግሊዝኛው መነሻ የስኮትላንድ ሕግ ነው፤ ቀዩ ከገዳዩ እጅ ላይ ገና ያልታጠበ ደም ነው። ዛሬ ብስኩት ለሰረቀ ልጅም ይሉታል። እኛም ስኳር ጣሳ ውስጥ እጇን የከተተችን ልጅ «እጅ ከፍንጅ ያዝኩሽ!» እንላለን። (ለአማትዎ ግን አይሞክሩት።)

ማስታወቂያው «የተሰረቀው ገመድ በግለሰቡ ቤት ተገኝቷል» ቢል ይበቃል። ፖሊስ ወስዶት ከሆነ «ከነኤግዚቢቱ ተይዟል» ማለትም ያስኬዳል። ሲያርሙት ደግሞ «እጅ ከፍንጭ» ብለው እንዳይጽፉት ይንገሯቸው፤ ፍንጭ ሌላ ቃል ነው።