ሃይላይት ወይስ ባላያጅ? መጀመሪያ ያንን ጥቁር ቀለም እንመርምር

የባሕር ዳር አባይ ማዶዋ ጠያቂያችን ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። ፀጉሯ ትከሻዋን ያልፋል፤ በሪላክሰር የለሰለሰ ነው። ከስምንት ወር በፊት «ጥቁር ሂና» የሚል የፓኬት ቀለም ተቀብታለች። ባለፈው ወር የማር ቀለም ፈልጋ ፀጉር ቤት ገባች፤ ስትወጣ ሥሩ ደማቅ ብርቱካንማ፣ መሐሉ እንደነበረ ጥቁር፣ ጫፉ ደግሞ ሲረጥብ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ሆኗል። ጥር ላይ የእህቷ ሚዜ ናት። «ሃይላይት፣ ባላያጅ ወይስ ኦምብሬ ይሻለኛል?» ትላለች፤ ሦስቱም ፀጉርን በከፊል የማንጣት ስልቶች ናቸው።

እህቴ፣ የእኔ ጥርጣሬ ያ ፓኬት ላይ ነው። ሂና ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ቀለም ቀይ ብርቱካንማ እንጂ ጥቁር አይደለም። በአንድ ቅብ ድቅድቅ የሚያደርግ ርካሽ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ወይም የብረት ጨው አለበት። ከፓኬቱ በኋላ የበቀለው ሥር ሲነሳ (ቀለሙ ሲነጣ ማለቴ ነው) መሐሉ ንቅንቅ አለማለቱም ወደዚያው ይመራኛል። የብረት ጨው ከብሊች (የፀጉርን ቀለም ከሚያነጣው ዱቄት) ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ አንዳንዴም ይጨሳል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ሊበጠስ፣ የራስ ቆዳም ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ ብሊች ዳግም ራስሽን ከመንካቱ በፊት ቁራጩን ሞክሪ። ከኋላ፣ ከጥቁሩ ክፍል ጥቂት ክሮች ቆርጠሽ በክር እሰሪ። በፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን (የብረት ዕቃ አይሆንም) ብሊችና 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ (ብሊቹ የሚበጠበጥበት ፈሳሽ) በጥብጠሽ 30 ደቂቃ ንከሪው፤ ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ድብልቁ ከጋለ፣ ከፈላ ወይም ከጨሰ፣ ጥቁሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ብሊች የለም።

ብርቱካንማው ከየት መጣ? ይህን ለእያንዳንዷ ደንበኛዬ እነግራለሁ። የእኛ ጥቁር ፀጉር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀለም አለ፤ ጥቁር ቡናማውና ቀይ ቢጫው። ብሊች ሲገባ ጥቁር ቡናማው ቶሎ ይፈርሳል፤ ቀይ ቢጫው ግን ይጸናል። ቡና እንደማፍላት ነው። አቦል ጥቁር ነው፣ ቶና ይቀላል፣ በረካ ይሳሳል። ፀጉርም ከጥቁር ወደ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ፣ በመጨረሻም ወደ ነጣ ያለ ቢጫ ይወርዳል፤ አንዱንም ደረጃ አይዘልም። የማር ቀለም ብርቱካንማና ቢጫ በሚገናኙበት ላይ ይገኛል። እዚያ ቆመሽ ሰማያዊ ያለበት ቶነር (ከብሊች በኋላ የሚቀባ የቀለም ማስተካከያ) ብትቀቢ ብርቱካኑ ይረግባል። አመድማ ለመሆን ግን እስከ መጨረሻው ቢጫ መውረድ አለብሽ፤ ለሪላክሰር ፀጉር ያ ጥፋት ነው። ካራሜልና መዳብማ ቀለም ለእኛ የሚቀርቡትም ብዙ ማንሳት ስለማይጠይቁ ነው። ደግሞም ቀለም ቀለምን አያነሳም፤ በጥቁር ቅብ ላይ ቡናማ ብትደርቢ ጥቁሩ ይቀራል።

ያለፈው ሥራ ያናድደኛል። የራስ ቆዳ ሙቀት የመጀመሪያዋን አንድ ሴንቲ ሜትር ቶሎ ያነሳታል፤ ሥር መጨረሻ ይቀባል እንጂ መጀመሪያ አይቀባም። እንደምገምተው 12 በመቶ ፐርኦክሳይድ ቀብተው ካስክ (የፀጉር ማድረቂያው) ሥር አስቀምጠውሻል። ብሊቹስ ከየት ነበር? ከትልቅ ከረጢት ወደ ፌስታል እየተቀነሰ፣ ስምና ቀን ሳይጻፍበት የሚሸጠውን ዱቄት አልነካም። ተከፍቶ የከረመ ፐርኦክሳይድም ኃይሉ ይደክማል፤ የደከመውን ለማካካስ ሰዓት ይጨመራል፣ ፀጉሩ ይከፍላል።

ወደ ምርጫው። ሃይላይት ከሥር ጀምሮ በፎይል ይሠራል፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በሁለት ወር ጥቁር መስመር ይታያል፣ እንደገና ብሊች ትጠሪያለሽ። ኦምብሬ ሙሉውን ጫፍ ያነሳል፤ ያንቺ ጫፍ ደግሞ አልቋል። ባላያጅ በብሩሽ እየተጠረገ፣ ከሥር ርቆ፣ በተመረጡ ዘለላዎች ላይ ብቻ ይቀባል። ለአንቺ የምመርጠው እሱን ነው፤ ግን ለዚህ ጥር አይደለም።

ለሠርጉ የሚሳበውን ጫፍ ሦስት አራት ጣት አስቆርጪ። ብርቱካንማውን ሥር አሞኒያ በሌለው መካከለኛ ቡናማ አስሸፍኚ፤ ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ጠብታ ቀብተሽ አለማሳከኩን እዪ፣ ፒፒዲ የነካው ሰው ቆዳው ሊቆጣ ይችላልና። የማር ቀለሙን በሂውማን ሄር (በሰው ፀጉር ቅጥያ) ዘለላ አሰፊው፤ በፎቶ ላይ ማንም አይለየውም። ሪላክሰሩንም ተይው፤ አዲሱ ፀጉር ሳይነካ ይደግ። በጀልባ ወደ ዘጌ ከተሻገራችሁ ነጠላሽን ተከናነቢ፤ የጣና ፀሐይ ቡናማውን ሊያቀላው ይችላል።

ከሠርጉ በኋላ ባላያጁን ስታስቢ አሁንም ቁራጩ ይቅደም። ሠሪዋ «አያስፈልግም» ብትልሽ ከወንበሩ ተነሺ። ቁራጩ ጋለ ወይስ አልጋለም፣ ምን ቀለም ያዘ፣ ጻፊልኝ፤ የቀረውን ከዚያ እንቀጥላለን።