መልስ፦ የኤንጌኒ ገበሬዎች ካሳቫውን ጎርፉ ሳይደርስ ለምን ይነቅሉታል?

ውሃው እስኪጎድል መሬት ውስጥ ይቆይ ማለት አይቻልም። አፈሩ በውሃ ሲሞላ የሚበላው የካሳቫ ሥር አየር አጥቶ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል። ኤንጌኒዎች የሚኖሩት በናይጄሪያ ሪቨርስ ግዛት፣ አሆአዳ ምዕራብ፣ ኦራሺ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ በ2012 እና በ2022 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጎርፍ እጅግ ከባድ ነበር። ስለዚህ ዝቅ ያለ ማሳ ላይ ያለው፣ በደንብ ባይወፍርም፣ ቀድሞ ይነቀላል።

የተነቀለ ሥር ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይበረክትም። ወዲያው ጋሪ (ከካሳቫ የሚሠራ፣ ተብላልቶ የታመሰ ደረቅ ምግብ) የሚያደርጉት ለዚህ ነው፦

1. ይላጣል፣ ይታጠባል፣ ይፈቀፈቃል።
2. ጆንያ ውስጥ ተጨምሮ ከባድ ነገር ይጫንበታል። ከ2 እስከ 4 ቀን እየተብላላ ውሃው ተጨምቆ ይወጣል።
3. በወንፊት ተነፍቶ ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ይታመሳል። እጅ ካረፈ ይጓጉላል፣ ስለዚህ ማማሰሉ አይቋረጥም። ቢጫ እንዲሆን የሚፈልግ ትንሽ ቀይ የዘንባባ ዘይት ይጨምርበታል።
4. ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ይታሸጋል። ትኩሱን ካሸጉት ውስጡ ላብ ይይዝና ይሻግታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ጎርፍ ሲያጣድፍ መጀመሪያ የሚያጥረው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ካሳቫ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚፈጥር ንጥረ ነገር አለ። ሲፈቀፈቅና ሲብላላ ይፈርሳል፣ መርዙም ከጭማቂው ጋር ይወርዳል፣ የቀረው ሲታመስ ይተናል። በተለይ መራራው ዝርያ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ተጨምቆ የታመሰ ጋሪ ለልጆች አይሰጥም።